ጣናና የተውሶ ገበታ

«እንግዳ የለመደውን ይሻል» የሚለው አባባል በባሕር ዳር እንደ ሕግ ከተቆጠረ ሰንብቷል። በዚህ አባባል ሽፋን የሐይቁ ዳር ሆቴል ስፓጌቲና ላዛኛ ያቀርባል፤ የመስተዋት ሕንፃ ይቆማል፤ ከውኃው ማዶ ያለው የዘጌ ሥዕል ደግሞ የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎበት፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በጥድፊያ ታይቶ ይታለፋል። ሥዕሉ ለካህናት፣ ሕንፃው ለመሐንዲስ፣ ምግቡ ለሆቴል ባለቤት ተከፋፍሎ ተሰጥቷል። ይህን ክፍፍል እቃወማለሁ። የጣና ዳር ሥዕል፣ ቤትና ማዕድ ከአንድ ሕይወት የተቀዱ ናቸው፤ ሲነጣጠሉ ሦስቱም ይደርቃሉ።

ማስረጃው ዘጌ ነው። በዚያ ልሳነ ምድር በበሬ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ስለ ተከለከለ ደኑ ተጠበቀ፤ ደኑ ስለ ተጠበቀ በጥላው ሥር ቡና በቀለ፤ ቡናው ደግሞ ሕዝቡን አኖረ። ክብ የሆኑት አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ከዚያው ምድር በተገኘ እንጨት፣ ጭቃና ድንጋይ ነው። ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ ቅድስቱ የዘለቀ ሰው በጨርቅ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ የተለጠፈውን የሥዕል ጎርፍ ያያል። በዚያ መካከል በላዔ ሰብእ አለ፤ ሰው ሲበላ የኖረው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነፍሱ የተመዘነችለት። ማን ምን በላ፣ ማን ለማን አጠጣ የሚለው ጥያቄ እኮ አንድም ሆቴል ሳይኖር በዚህ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ነበር! ከዚያ ሥዕል ፊት ተነሥቶ በሞተር ጀልባ ወደ ላዛኛ የሚመለስ ጎብኚ ግማሹን መልእክት ትቶ ሄዷል። ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም።

ጣልያን ከተነሣ አይቀር፣ እናንሣው። በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ የጣልያን አካዳሚ በጂዮቶ ዳይኔሊ መሪነት የጥናት ቡድን ወደ ጣና ላከ። በማግሥቱ ዓመት የጣልያን የቱሪስት ማኅበር «የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ ስለ ጠራው ግዛት የመንገደኛ መምሪያ አሳተመ። ገዥ የያዘውን አገር ለራሱ እንግዶች አስተዋወቀ። ከድል በኋላ የተከፈለው የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሆነ። ላዛኛው ግን በካሳ አልመጣም፤ እኛው ጠርተነዋል። (ፓስታ በስልስ የጾምና የደመወዝ ማለቂያ ምግባችን ከሆነ ቆይቷልና በእርሱ ላይ ጠብ የለኝም።)

ጣልያኖች በአገራቸው የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። በኤሚሊያ ሮማኛ፣ የራቬናን የ6ኛው መቶ ዘመን ሞዛይክ ሊያይ ለሄደ ሐበሻ «የለመደው ነው» ተብሎ ሽሮ አይቀርብለትም። የፓርማ አይብ በአውሮፓ ሕግ ስሙን የሚይዘው በተወሰኑ አውራጃዎች ሲሠራ ብቻ ነው። በጣና ደግሞ ባርበስ ከሚባለው ወገን 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በዓለም ሌላ ስፍራ አይገኙም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ ከገቡ ወዲህ ተመናምነዋል። በሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ግን እነርሱም፣ ቆሮሶውም፣ አምባዛውም በአንድ ቃል «ዓሣ» ናቸው። ስሙ ያልተጠራ ዓሣ ሲጠፋ ማን ይጠይቃል?

«እኛ ባህላችንን እናቀርባለን» የሚሉ ወገኖችም አሉ። በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ሣር ይከድናሉ፤ አዝማሪውን የእንግዳ ኪስ እያየ እንዲያወድስ ያሰለፋሉ፤ እስክስታውን በእራት ሰዓት ይለካሉ። ከላዛኛው ይልቅ ይህ ያስፈራኛል። ላዛኛ ቢያንስ ላዛኛ ነኝ ይላል።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የጎርጎራ መዝናኛ የተሠራው «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክት ነው። ስሙ ገበታ ከሆነ፣ በገበታው ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደንገል አስረው ታንኳ በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። አባቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር በሚል፣ ለዘመናት ከጎረቤት ማዕድ ተገልለው ኖረዋል። በመብል ምክንያት ወገን የተገፋበት ከተማ ስለ መስተንግዶ ጥበብ ሲሰብክ ይህን መዝለሉ ያሳፍራል። ታንኳው በፎቶግራፍ ተነሥቶ በእንግዳ መቀበያ ግድግዳ ይሰቀላል፤ ሠሪው ግን ደንገል የሚቆርጥበት ዳርቻ በአንድ ወገን በእምቦጭ፣ በሌላ ወገን በአጥር ጠብቦበታል። እኛ ደራስያንና ሠዓሊዎችስ? ታንኳውን ስንት ጊዜ ገጠምነው፣ ስንት ጊዜ ሣልነው! ቀዛፊውን ወይም ሠሪውን በስሙ የጠራ ግጥም ግን እምብዛም አላነበብሁም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሐይቁ ዳር አዲስ ቤት ሲታቀድ የዘጌን ግንበኛና የደንገሉን ሠራተኛ ከመሐንዲሱ ጎን አስቀምጡ። ከተማው እየሰፋ የደረሰባት ሰባታሚት ገና ገበሬ ሳላት፣ የጤፍና የዳጉሳ እንጀራዋ ከእነ መንደሯ ስም በሆቴሉ ገበታ ላይ ይጠራ። የባህል ማኅበሩም ከመምህራን ጋር ሆኖ የጣናን መምሪያ በአማርኛ ያዘጋጅ፤ የዓሣውን ስም ከአጥማጁ፣ የሥዕሉን ትርጓሜ ከመሪጌታው፣ የእርሾውን ነገር ከሰባታሚት እናቶች ጠይቆ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ጎብኚ ተመናምኗል፤ ሥራው አስተናጋጅ የሚያጣድፈው አይደለምና ዛሬ ይጀመር።