የደብዳቤ ምሥጢርና የእጅ ስልክ

ቀድሞ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ፊደል ያልቈጠረች እናት ከሩቅ አገር ልጇ ደብዳቤ ሲደርሳት፥ ዲያቆን ወይም ደብተራ ጠርታ ታስነብብ ነበር። ያነበበውን በሆዱ የማይዝ ሰው ግን ሁለተኛ አይጠራም ነበር።

ይህ የጨዋ ልማድ በሕግም የጸና ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፥ ሕግ ካልፈቀደ በቀር የደብዳቤን ምሥጢር ማንም እንዳይደፍር ከልክሎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ይህንኑ ጥበቃ ለስልክና ለኤሌክትሮኒክስ መልእክት ሰጥቷል።

ዛሬ እናት የልጇን ቃል የምትሰማው በእጅ ስልክ ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው ኩባንያ ግን ለራሱ የሚያስቀረው ነገር አለ። ዋትስአፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃሉን ራሱ እንኳ እንዳያነበው አድርጎ ይቈልፋል፤ ማን ለማን መቼ እንደ ላከ ግን ሊያውቅ ይችላል። የቴሌግራም ተራ መልእክት ይህን የመሰለ ቍልፍ የለውም። ይኸው ኩባንያ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደንቡን የተላለፉ ሰዎችን ስልክ ቍጥርና የኢንተርኔት አድራሻ፥ በሕግ አግባብ ለጠየቀ ባለ ሥልጣን እንደሚሰጥ አስታውቋል።

በአገራችንም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008፥ አገልግሎት ሰጪው ማን ከማን ጋር መቼ እንደ ተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያኖር፥ ፍርድ ቤት ካላዘዘውም በምሥጢር እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

የዚህን መዝገብ ጥቅም መካድ አይገባም። ሰው ታግቶ ገንዘብ አምጡ የሚል ስልክ ለቤተ ሰብ ሲደወል፥ ፖሊስ ደዋዩን የሚከታተልበት ፈለግ ይኸው ነው። ዳኛ ያልተቈጣጠረው ሲሆን ግን ጕዳቱ የከፋ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ በዚያ ዘመን ሰዎች በውጭ አገር ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር የተነጋገሩት ተቀድቶ በምርመራ ላይ ይሰማባቸው እንደ ነበር ገልጧል። ልጅ እናቱን ደኅና ነሽን ብሎ ለመጠየቅ የሚፈራበት ዘመን ለማንም አይበጅም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ባለ ሥልጣን ስልካችሁን ቢጠይቅ በትሕትና የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ጠይቁ፤ ይህ እንቢተኝነት ሳይሆን ሕግን ማክበር ነው። በቤትም የሌላውን ሰው ድምፅና ሥዕል ሳታስፈቅዱ ለሌላ አትላኩ። ለእናቱ ስልክ የሚከፍትላት ልጅም የዛሬው ደብዳቤ አንባቢ እርሱ መሆኑን ከእናንተ ይማር።