ማርሽ የሚቀየረው ከቁልቁለቱ በፊት ነው

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ስለ ሾፌር ምን አገባው የምትል ብትኖር አይገርመኝም። ዳሩ ግን ሾፌሩ መንገድ ላይ ሲውልና ሲያድር ቤቱን ቀጥ አድርጋ የምትይዘው ሴት ናት፤ እርሱ ዓይኑን ሲከድን ደግሞ ጥያቄው ሁሉ የሚመጣው ወደ እርሷ ነው። ባለቤታችሁ ሾፌር ባይሆን እንኳ፣ ወይም ራሳችሁ ደመወዝተኛ ብትሆኑ፣ ከዚህ ቤት ታሪክ የምትወስዱት አታጡም።

እኚህ ሰው ጎንደር አውቶ ፓርኮ አካባቢ ጎረቤታችን ነበሩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ያሉ ስለሆነ ስማቸውን አልጠቅስም፤ የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ሾፌሩ» እንላቸው ነበር። በ1952 ዓ.ም. ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው በረዳትነት መኪና ላይ ወጡ። መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላም ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉትን ፊያት እየነዱ ጉልምስናቸውን ጨረሱ። መሪ የተዉት በ2001 ዓ.ም. ነው። ያረፉት ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

መጀመሪያ የሠሩበትን መንገድ የማያውቅ የልፋታቸውን ልክ አያውቅም። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ እስኪደርሱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ገብስ የሚበቅልበት፣ ነፋሱ አጥንት የሚሰብር የወገራ ደጋ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ግን መሬቱ በድንገት ይከዳል። ወልቀፊት ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ያያል። ሊማሊሞ የሚባለው ይህ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀደደ ሲሆን፣ ከዛሪማ አልፎ በአዲ አርቃይና በማይ ጸብሪ አድርጎ ተከዜን ይሻገርና ሽሬ ይገባል፤ ጋሼም በዚያው አስመራ ድረስ ይዘልቁ ነበር።

በሊማሊሞ ጭነት የያዘ መኪና አንዱን መጠምዘዣ በአንድ ጊዜ ላይታጠፍ ይችላል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎማው ሥር ይቆማል፤ ሾፌሩ እንደገና ይሞክራል። ፍሬን ላይ ብቻ ተማምኖ የወረደ ሰው ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይለዋል። ስለዚህ ጋሼ ለእያንዳንዱ አዲስ ረዳት አንድ ትምህርት ደጋግመው ያስተምሩ ነበር፤ «ማርሽ የሚቀየረው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መሐል ላይ ከደረስህ ወዲያ መኪናው አይሰማህም» ይሉ ነበር።

በ1970ዎቹ ጦርነቱ ያን መንገድ ለንግድ መኪና እንደ ልብ ባላደረገው ጊዜ ጋሼ ወደ አሰብ መስመር ተዛወሩ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር እርሳቸውም አብረው ዞሩ። ከደጋው ብርድ ወደ አፋር ቃጠሎ፣ ከቃጠሎው እንደገና ወደ ደጋ ማለት ነው። አንድ ጉዞ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚወስድበት ጊዜ ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንግባ። ባለቤታቸው እትዬ በ1962 ዓ.ም. ተድረው አምስት ልጆች ወልደዋል። ከአምስቱ መካከል አባት በከተማው እያለ የተወለደው አንድ ብቻ ነው። ድርቆሹን፣ በሶውንና ቋንጣውን አዘጋጅተው አገልግል የሚሞሉት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍሉት፣ የታመመ ልጅ አዝለው ሐኪም ቤት የሚሮጡት፣ በዕድር የሚቀመጡት እርሳቸው ነበሩ። የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ይለዩት ነበር። ከመጠምዘዣው ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ ሲደረግ ቡና ይጣዳል፤ ልጆች ፊታቸውን ይታጠባሉ። ትንሹ ልጅ ግን አባቱን ሲያይ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይገባ እንደ ነበር እትዬ ሲያጫውቱኝ ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል። አባትየውም ቢሆኑ ልጆቻቸው ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሱ ከእናታቸው ጠይቀው የሚያውቁ እንግዳ ነበሩ።

ጋሼ ሥራ ከተዉ በኋላ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ጠዋት ተነሥተው ደጅ ላይ ቆመው የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ያዳምጣሉ፤ «ይኼ ባለስትራው ተሰብሯል» ይላሉ። ራሳቸውን ሲያማቸው የነፋስ ነው፣ ዓይናቸው ሲፈዝ የዕድሜ ነው ይሉ ነበር። በሕይወታቸው የደም ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም ነበር። አንድ ማለዳ ግራ እጃቸው ወደቀ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የደም ግፊት ያመጣው በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ መሆኑ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። አንድ ነገር ለመናገር ሲሞክሩ እትዬ አፋቸው ላይ ጆሮአቸውን ደቅነው ነበር፤ ምን ለማለት እንደ ፈለጉ ግን እስከ ዛሬ አላወቁም።

በሰልስቱ ዕለት አርባን ያለፈች ሴት ከሑመራ መጣች። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ጋሼ ወደዚያ ይመላለሱ በነበረበት ዘመን የተወለደች ናት። ከድንኳኑ ጫፍ ቆማ ታለቅስ ነበር። ልጆቹ ተያዩ፤ ዘመዶችም አጉረመረሙ። እትዬ ግን ረጅም ጊዜ ፊቷን አዩና፣ «ግንባሯ የእርሱ ነው። ልጄ፣ ነይ ከእኅቶችሽ አጠገብ ተቀመጪ» አሏት። ይህን ሲያደርጉ ልባቸው እንዳልቆሰለ አታስቡ። «ለእርሱ ስል አይደለም፤ አባት የሞተበትን ልጅ ከድንኳን አላስወጣም» ነበር ያሉኝ። ሕጉም ቢሆን ከእርሳቸው ጋር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ በጋብቻ ከተወለደው አያሳንሱትም።

ኀዘኑ ሲበርድ የወረቀቱ ጣጣ መጣ። በጋሼ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አሮጌ መንጃ ፈቃዶች፣ የመኪና ፎቶግራፎችና የተቀደደ የጭነት ደረሰኝ ተገኙ። የጋብቻ ማስረጃ የለም፤ በሽማግሌ ፊት ከመዳር ሌላ ወረቀት አልነበረምና። ቤቱ በእርሳቸው ስም ብቻ ተመዝግቧል። አንድ ወዳጃቸው ገንዘብ ተበድሯቸው ነበር ተባለ፤ ውል ግን የለም። ምስክር እየተቆጠረ፣ ፍርድ ቤት እየተመላለሱ አንድ ዓመት ተኩል አለፈ። ጡረታም አልነበረም። የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ዐዋጅ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ጋሼ ደግሞ መሪውን የለቀቁት ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድመው ነበር። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ልፋት ለሚስት አንድ ወርኃዊ ሳንቲም ሳያስቀር ቀረ።

እትዬ ይህን ሁሉ ካሳለፉ በኋላ፣ «አርባ ሰባት ዓመት ስንቁን ቋጠርኩለት፤ የራሱን ወረቀት ግን አንድ ቀን ተቀምጠን አልቋጠርንም» ብለውኛል። ሌላዋ እናት ይህን ዳግመኛ እንዳትለው የሚከተሉትን በአትኩሮት እንመልከት።

አንደኛ፤ ጋብቻችሁን አስመዝግቡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ ጋብቻም ሞትም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዱሮ በሽማግሌ ወይም በሃይማኖት ሥርዓት ተጋብታችሁ ማስረጃ የሌላችሁም ብትሆኑ ሽማግሌዎቹና ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ አሁኑኑ ጠይቁ።

ሁለተኛ፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደ ሆነ ሕጉ ይገምታል። ስለዚህ የባልየው ስም ብቻ ያለበት ቤት የእኔ አይደለም ብላችሁ አትሸማቀቁ። ዳሩ ግን ሚስት ከጋራው ንብረት ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ፣ የባሏ ወራሾች በመጀመሪያ ደረጃ ልጆቹ ናቸው። ባል ወይም ሚስት ከዚህ የተለየ ሐሳብ ካላቸው በሕይወት ሳሉ ኑዛዜ ያድርጉ። በቃል የተነገረ ኑዛዜ ተናዛዡ ሦስት ወር ከቆየ ይፈርሳል፤ የጽሑፍ ኑዛዜ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ለግል ባለ መኪና የሚሠራ ሾፌር ያለባት ቤት፣ የጡረታ መዋጮው በትክክል ይከፈል እንደ ሆነ ትጠይቅ። ከደመወዙ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ሲሞት፣ ይገባው ከነበረው አበል ግማሹ ለባለቤቱ ሲሆን 18 ዓመት ላልሞላቸው ልጆችም ድርሻ አለ። ያለ ውልና ያለ መዝገብ፣ በጉዞ አበል ብቻ የሚሠራ ሾፌር ግን ቤተሰቡን ያለ ታኮ ቁልቁለት ላይ እንዳቆመ ይቁጠረው።

አራተኛ፤ ጤና ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ እንቅልፉን በጫት የሚያባርር፣ ቅባትና ጨው የበዛበት ምግብ በየመንገዱ የሚበላ ሰው ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ የተጋለጠ ነው። ግፊት ከ140 በ90 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ሕመም ባይሰማም ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። መለካቱ የሚወስደው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከመጠጣት አይበልጥም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤድስ በአገራችን ከታወቀ ወዲህ የብዙ ሾፌር ቤት በፍርሃትና በዝምታ ኖሯል፤ ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ባልና ሚስት አብረው መመርመራቸው የመተማመን ምልክት እንጂ የጥርጣሬ አይደለም።

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ መነጋገር ነው። ብድሩ፣ ቁጠባው፣ አዎን፣ ሌላ ልጅ ካለም እርሱ ጭምር። ከቀብር በኋላ ከሚሰማ በጠረጴዛ ዙሪያ የተሰማ ይቀላል። ከሁሉም በላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጦርነቱና እገታው በሾፌሮች መንገድ ላይ ሌላ ገደል ጨምሮበታልና፣ ስለ ሞት መነጋገር ሟርት ነው እየተባለ የሚዘለልበት ጊዜ አይደለም።

ባለ መሪ ወንድሞችም ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቤት ስትገቡ ቡናው ሳይነሣ ሳጥኑን አውጡት። እትዬ ዛሬ የጋሼን ቆርቆሮ ሳጥን ቀለም ቀብተው የቤቱን ወረቀት፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃና የራሳቸውን ኑዛዜ አኑረውበታል። የሑመራዋ ልጅ ስምም በኑዛዜው ውስጥ አለ። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ስድስቱም ልጆች ያውቃሉ።

ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።