ግድግዳው ለማን ቆመ?

በዛሬዎቹ የከተማ ቤቶች ንድፍ ላይ የሠለጠነ አንድ ስውር ፍርድ አለ። ይኸውም ቤተሰብ ማለት ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ነው፤ ቁጥሩም ከዓመት ዓመት አይለወጥም የሚል ነው። ንድፍ አውጪው ይህን በአንደበቱ አይናገረውም፤ በብሎኬት ይጽፈዋል እንጂ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ቤት ላልነበራቸው ብዙ ሺህ ወገኖች ጣራ ሰጥቷል። ይህን መካድ ግፍ ነው። በየግቢው ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የጋራ ሕንፃ መታሰቡም የሚያስመሰግን ነው፤ ባለሙያው አኗኗሩን በተመለከተበት ቦታ መልስ አላጣም። የቀረው ሁሉ ግን ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት መኝታ እየተባለ ተቈጥሮ በዕጣ ታደለ። ባለ ዕድሉ ከገባ በኋላ ኑሮ ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳው አይንቀሳቀስም። የወንድም ልጅ ለትምህርት ከገጠር ይመጣል። ሴት ልጅ ለአራስነት ወደ እናቷ ትመለሳለች። አያት ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ልጃቸው ይጠጋሉ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያረፉ አያት ፀሐይ ለመሞቅ ስንት ደረጃ ይውረዱ? አስከሬንስ በዚያ ጠባብ መታጠፊያ እንዴት በክብር ይለፍ?

ይህ ድርቅና ከአገሩ የቤት አሠራር የተወረሰ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው ነባር ቤት፣ ነደባ በሚባሉት ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦቹ፣ ለሽማግሌውም ለወጣቱም ያለ አንዳች ግድግዳ ቦታ ይለያል። የደጋው ገበሬ መደብ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። የዶርዜ የቀርከሃ ቤትማ እግሩን ምስጥ ሲበላው ዝቅ ይላል እንጂ አይወድቅም፤ ሲያሻም በሰው ትከሻ ተነሥቶ ቦታ ይለውጣል።

«ታዲያ ወደ ጎጆ እንመለስ ነውን?» ብለው የሚያላግጡ አይጠፉም። ማንም እንዲህ አላለም። የቴአትር ሰው አንዱን መድረክ በመጋረጃና በሁለት ወንበር አንድ ጊዜ ችሎት፣ ሌላ ጊዜ ጓዳ ያደርገዋል። በአንዲት ክፍል ስምንት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብም ይህንኑ ያደርጋል። ሆኖም ይህን የድኻ ብልሃት እያደነቁ መቀመጥ ነውር ነው፤ መጋረጃ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ከመጋረጃው ወዲያ የተኛች ሙሽራ ሳሏን ውጣ ታድራለች፤ ከወዲህ ያለው ተማሪ የታመመ ሰው ሲያቃስት እየሰማ ለፈተና ያጠናል።

መፍትሔው ከሕንፃው አጥንት ውስጥ ነው። ሸክሙ ያረፈው በአርማታው ምሰሶና አግዳሚ ላይ ነው፤ በመካከል የተደረደረው የብሎኬት ክፍልፋይ የሚሸከመው ራሱን ብቻ ነው። እንግዲያስ መጸዳጃውና ውኃው በአንድ ወገን ቢሰበሰቡ ሌላው ወለል ነጻ ይሆናል፤ ክፍልፋዩም እንደ ኑሮው ይነሣል፣ ይተከላል። ከመግቢያው አጠገብ ለብቻዋ በር ያላት አንዲት ክፍል ብትኖር ዛሬ ለአያት፣ ነገ ለተጋባ ልጅ፣ ከነገ ወዲያ ለኪራይ ትሆናለች። በሁለት ጎረቤት ቤቶች መካከልም ጉበኑ አስቀድሞ ተሠርቶ ለጊዜው በቀላል ግድግዳ የተደፈነ በር ሊተው ይችላል። ወጪ ይበዛል የሚሉ ሰዎች የአንድ ጉበን ዋጋ ያስሉ፤ ከዚያም ነዋሪው ኑሮ ሲጠበው በረንዳውን በቆርቆሮና በመስተዋት ለመዝጋት የሚያወጣውን ይጨምሩበት።

በር መተው ብቻ ግን አይበቃም። ዕጣው እናትን በአንድ ሰፈር፣ ያገባች ልጇን በሌላው የከተማ ጫፍ የሚጥል ከሆነ በዚያ በር የሚገናኝ ማን ነው? ዘመዳሞች ከፈለጉ ዕጣቸው ተጣምሮ ይውጣ፤ አዛውንት ያሉበት ቤተሰብም የምድር ቤቱን ያግኝ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ደግሞ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት አንድ ቤተሰብ ዘንድ ይሂድና በአዘቦት፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ሰሞን ማን የት እንደሚያድር ይመዝግብ።