ፍራሾቻችን ፀሐይ ይሙቁ

ነገሩ የሆነው ጥቅምት ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከእኔ በታች ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው የዶርማችን ልጅ ተነስቶ ቁጭ አለ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ደረቱ ያፏጫል። መብራት አብርተን፣ ሎከሩን በርብረን ፓፉን ስናገኘው ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ገና ጎህ ሲቀድ ክሊኒክ ወሰድነው፤ ታክሞ ተሻለው። ከዚያስ ምን አደረግን? መልሰን እዚያው አልጋ ላይ አስተኛነው። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ አልጋ ነው።

ግቢ ውስጥ ስለ አስምና ስለ "ሳይነስ" ሲወራ ጥፋተኛው ሁሌ ብርድ ነው። መስኮት ተከፍቶ አደረ፣ ሻወሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ንፋስ መታው እንላለን። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ስለ አስም ሳነብ ግን ከማላውቀው ተጠርጣሪ ጋር ተዋወቅሁ። ማይት ይሉታል። የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው፤ ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ስለሆነ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። እንደ ትኋን አይነክስም፣ ደም አይመጥም። ምግቡ ከገላችን የሚረግፈው ቅርፊት ነው፣ ቤቱ ደግሞ ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ። አለርጂ ያለበትን ሰው በዋናነት የሚያውከው ኩሱ ነው። የቤት አቧራ ሰውን የሚያሳምመው በዚህ ፍጥረት የተነሳ መሆኑን የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያሳዩት እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ነው።

ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የጅማ ጥናት ያንብብ። አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ላይ በርክቶ የተገኘው እዚሁ አገራችን ነው። ሰዎቹ ከተመረመሩባቸው አለርጂዎች አንዱም የማይት ነበር።

ወደ ዶርማችን ልመለስ። ማይት ውኃ አይጠጣም፤ እርጥበት የሚስበው ከአየር ነው። አየሩ ሲደርቅ ይሞታል፣ ሲረጥብ ይራባል። የእኛ ፍራሾች ደግሞ ተማሪ ሰኔ ላይ ሲወጣ ተደራርበው መጋዘን ይገባሉ። ውጪ ዝናብ እየዘነበ፣ በር ተዘግቶባቸው ይከርማሉ። ስንመለስ እንዳሉ ወጥተው ይታደሉናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ሕንፃው በሙሉ ያስነጥሳል፤ ሲኒየሮች "አየሩን እስክትለምዱት ነው" ይሉናል። የእኔ ፍራሽ ላይ የአምስት ሰው ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። የስንቱ ቅርፊት እንዳለበት እግዜር ይወቅ።

ታዲያ በአስም የሚሰቃየውን ልጅ ከዚህ ፍራሽ ሥር ያስተኛነው እኛው ነን። መሰላል መውጣት እንዳያደክመው ብለን፣ በደግነት። እኔ ላይ በተገላበጥኩ ቁጥር የአምስቱም ሰው አቧራ ቁልቁል እሱ ፊት ላይ ይወርዳል። አስም ያለበት ሰው በተደራራቢ አልጋ መተኛቱ ካልቀረ ላይኛው ይሻለዋል የሚለውን ምክር ሳነብ አፈርኩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እሱ ተኝቶ እያለ በደረቅ መጥረጊያ እንጠርጋለን። የማይት ብናኝ ከበድ ስለሚል ካልነካኩት ቁጭ ብሎ ነው የሚቀረው፤ አየር ላይ የምናወጣው እኛ ነን። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውለውን አንዱን ልጅ "የእማማ ልጅ" እያልኩ ስቀልድበት የነበርኩትም እኔ ነኝ፣ ልናዘዝ። ሽታ ለማጥፋት የምናጨሰው ሰንደልና ለትኋን የምንረጨው ፍሊት ሲጨመርበት ለታመመ ደረት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ባለሙያዎች የሚመክሩት አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሞቀ ውኃ እንዲታጠብ፣ ፍራሽም አቧራ የማያሳልፍ ሽፋን እንዲለብስ ነው። ልብሳችንን በሳፋና በቀዝቃዛ ውኃ ለምናጥብ ለእኛ ይሄ ቀልድ ነው። ፀሐይ ግን አለን። እ.ኤ.አ በ1994 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት፣ ምንጣፍ ውጪ ለቀጥታ ፀሐይ ሲጋለጥ በውስጡ ያሉት ማይቶች በሙሉ ሊሞቱ እንደሚችሉ ያሳያል። እናቴ ይህን ጥናት አላነበበችም፤ መስከረም ሲጠባ ግን የቤቱን ፍራሽና ብርድ ልብስ ሁሉ አውጥታ ታሰጣለች፣ በዱላ እየመታች ታራግፋለች። እርግጥ ነው፣ ፍራሽ ከምንጣፍ ስለሚወፍር ፀሐይ ሆዱ ድረስ ላትዘልቅ ትችላለች። ማይቱ ቢሞትም ኩሱ ስለማይጠፋ ማራገፍ ያስፈልጋል፣ ያውም የታመመው ልጅ በሌለበት። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም አይተካም። ይህን ሁሉ ይዤ ነው የምከራከረው።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ስድስታችንም ፍራሾቻችንን ተሸክመን ሣሩ ላይ አወጣን። ግማሽ ሰዓት እንኳ በቅጡ አልሞላንም፣ ፕሮክተራችን መጡ።

"ምን ጉድ ነው ይሄ? አንሱ!"

"ጋሼ፣ እባክዎ እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ። የታመመ ልጅ አለን።"

"ልጆቼ፣ እኔ ምን ላድርግ? የግቢውን ገጽታ ያበላሻል ተብሏል። እንግዳም ይመጣል።"

በእሳቸው አልፈርድም፤ ትእዛዙን ያወጡት እሳቸው አይደሉም። ያወጣው ክፍል ግን ይመልስልኝ፦ እንግዳው የሚያደንቀው ሣሩን ነው ወይስ እዚህ የሚተነፍሰውን ተማሪ? የምጠይቀው በጀት የሚበላ ነገር አይደለም። ፍራሾቹ ከመታደላቸው በፊት አንድ ሁለት ቀን የመስከረም ፀሐይ ላይ ይዋሉ። ለእኛም በወር አንድ ቅዳሜ ይፈቀድልን። ዶርም ሲደለደል አስም ያለበት ተማሪ ይጠየቅና ላይኛው አልጋ ይሰጠው። እንግዳ የሚመጣበት ቀን ቀድሞ ይነገረን፣ ያን ቀን አናሰጣም።

ጓደኛችንና እኔ አልጋ ተቀያይረናል። ጠዋት ከመሰላሉ ሲወርድ እግሬን ስለሚረግጠኝ በየቀኑ እንጨቃጨቃለን። ከዚያ ወዲህ ሌሊት የተነሳው አንዴ ብቻ ነው። የተኛበት ፍራሽ ግን ያው የድሮው ነው፤ እስካሁን ፀሐይ ያየው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።