«ያልተነካ ተፈጥሮ»? ሶር ላይ እንኳን የለም

ባለፈው ኅዳር ሶር ፏፏቴ ስር ሆኜ የቀረጽኩትን የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ፖስት ሳደርግ ከላዩ «ያልተነካ ተፈጥሮ» ብዬ ጻፍኩበት። ላይኩ ጥሩ ነበር። ጽሑፉን አሁን ሳየው ግን አፍራለሁ። ስለ ኢሉባቦር ስልኬ ላይ የሚመጣው ቪዲዮ ሁሉ ይህንኑ ቃል ስለሚደግም፣ ለምን እንዳፈርኩ ብነግራችሁ ይሻላል።

መንገዱን ለማታውቁት፦ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጋችሁ ስትሄዱ ያዮን፣ ከዚያም ሁሩሙን አልፋችሁ መቱ ትገባላችሁ። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወገብ ይፈትናል። መቱ አድራችሁ በማለዳ ወደ በቾ ትሄዳላችሁ። ከበቾ በኋላ በእግር ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መጀመሪያ በማሳና በቤቶች መካከል፣ መጨረሻው ላይ ቁልቁል በጥቅጥቅ ደን ውስጥ። ክረምት ላይ ጭቃው አያራምድም። ኅዳር ጥሩ ነው፤ ውሃውም አልቀነሰም፣ ቡናውም ቀልቷል።

እኛ አምስት ነበርን፣ መንገድ የሚያሳየን የበቾ ልጅ ከፊት። በየደጁ «አካም ቡልተን» እያለ ያልፋል፤ እኛም ከኋላው እየተኮላተፍን እንደግማለን። ሰዉ ይስቅብናል፣ ግን ደስ ብሎት ነው። ደኑ ውስጥ ስንገባ ብርሃኑ ቀነሰ። ከላይ ዋንዛና ቀረሮ፣ ከስር ቡና። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ሆነው ያዩናል። ሁላችንም ስልክ አወጣን።

ከመካከላችን አንዷ ለፎቶ እንዲያምር ብላ እፍኝ ሙሉ ቀይ ፍሬ ሸመጠጠች። ልጁ ቆመ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያፈረው እሱ ይመስል ነበር። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሰው ነው» አላት።

የማን? አጥር የለ፣ ጠባቂ የለ፣ ምልክት የለ። እሱ ግን ያውቀዋል። እስከዚያ ወዲያ ማዶ እስካለው ዋንዛ ድረስ የአንድ ሽማግሌ ነው፣ ከጅረቱ ወዲህ ደግሞ የሌላ ሰው። ከለቀማ በፊት ባለቤቱ ገብቶ ከቡናው ስር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ጥላ የሚሰጠውን ትልቁን ዛፍ ግን አይነካም። ዛፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎም ባለቤት አለው። ከዚያ በኋላ ደኑን ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ። «ያልተነካ» ያልኩት ቦታ በየዓመቱ በሰው እጅ የሚነካ ነው። ደን ሆኖ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ቡናው ጥላ ይፈልጋል፣ ሰውየው ቡናውን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዛፉ አይቆረጥም።

በእርግጥ እጅ የማይገባበትም ቦታ አለ። ያዮ ላይ 167 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነው የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ከከፋ ጋር አብሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። መሃሉ ላይ ያለው ወደ 28 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ዋና ክልል ለጥበቃ ብቻ የተተወ ነው። ሌላው ግን ሰው የሚኖርበት፣ የሚለቅምበት፣ የሚያርስበት ነው። ይህን ሳናውቅ ነው «ድንግል ደን» እያልን የምንለጥፈው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቡና ለምትወዱ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ በሽታ አገራችን ገባ። የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት እዚሁ ደን ውስጥ ነው። በሽታው ያልበገራቸውን ዛፎች እየለዩ ዘር ወሰዱ። ዛሬ የውጭ አገር ካፌዎች ከረጢት ላይ የሚጻፉት 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ የቁጥሩ መጀመሪያ ዓመቱ ነው። እዚያ እፍኝ ፍሬ ስንሸመጥጥ የምንጫወተው በምን እንደሆነ አስቡት።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ፏፏቴው? ያምራል። 20 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ እርጥበቱ ፊት ላይ ያርፋል። ውሃው ወርዶ ከገባ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ ባሮ ሆኖ ጋምቤላ ይገባል። ሌላውን ቪዲዮው ላይ አይታችሁታል።

እኔን ያናደደኝ ስንመለስ የሆነው ነው። ልጁን የምንከፍልበት ሰዓት ሲደርስ ከእኛው አንዱ «ተፈጥሮ ለማየት ይከፈላል እንዴ?» ብሎ መከራከር ጀመረ። ይኸው ሰው መንገድ ላይ ሁለት ማኪያቶ ሲጠጣ ዋጋ አልጠየቀም። ጎበዝ፣ እንነጋገር። ለጥላው ሲል ዛፉን ያልቆረጠው ገበሬ ከፏፏቴው ምን አገኘ? የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት ያንን ዛፍ ጥሎ በቆሎ ቢዘራ የሚፈርድበት ማን ነው? እኛ ነን? ከሩቅ መጥተን፣ ፎቶ አንስተን፣ የውሃ ፕላስቲካችንን ጥለን የምንሄደው?

ስለዚህ መንገድ መሪ ያዙ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ፣ ከተስማማችሁ በኋላ አትከራከሩ። ቡናና ማር ከመቱ ሱፐርማርኬት ሳይሆን ከበቾ ግዙ። ምሳችሁን እዚያው ብሉ። ብሩ ብዙ አይደለም፣ ግን ከደኑ አጠገብ ይቀራል።

ኮሜንት ላይ «መኪና እስከ ፏፏቴው የሚያደርስ መንገድ ይሠራ» የሚሉም አሉ። በቾ ድረስ ጥሩ መንገድ ቢኖር እኔም እደግፋለሁ፤ በሽተኛ ይመላለስበታል፣ ቡና ይጫንበታል። ከዚያ ወደ ታች ግን አይመስለኝም። የአንድ ሰዓት እግር መንገድ የከበደው ሰው ካለ፣ እናቶች ጆንያ ቡና ተሸክመው ያንኑ ዳገት ሲወጡ አይቻለሁ።

ማታ መቱ ስንደርስ ኔትወርክ መጣ። ፍሬውን የሸመጠጠችው ጓደኛችን ፎቶውን ሳትለጥፈው ቀረች። ፍሬውንም እዚያው ደን ውስጥ ለልጁ ሰጥታው ነበር፤ እሱም ባለቤቱ ደጅ ስንደርስ አስረከበ። ሽማግሌው እፍኝ ፍሬዋን አይተው ሳቁና ቡና ካልጠጣችሁ አትሄዱም አሉን። ሦስተኛውን ጠጥተን ነው የወጣነው።