ትኬቱ ርካሽ፣ ጥይቱ ውድ

ባለፈው መስከረም አዲስ ገቢዎችን ለመቀበል ብለን ስፕሪንግፊልድ፣ የሜትሮው ሰማያዊ መስመር የሚያልቅበት ጣቢያ ተገናኝተን በየመኪናው ተጠቅጥቀን ፔይንትቦል ሄድን። ዋጋውን ስንለጥፍ «ይሄማ ርካሽ ነው» ያላለ አልነበረም።

ርካሹ ትኬቱ ነው። ጭንብልና ጠመንጃ ከ200 ጥይት ጋር ይሰጡሃል፤ ጣቱ የማያርፍ ሰው ይህን በሁለት ዙር ይጨርሰዋል። ተጨማሪው ከእነሱ ብቻ ይገዛል፣ ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው። (ምክንያት አላቸው፤ ያረጀ ኳስ መትቶ ሳይፈነዳ ሊቀርና ሊያሳምም ይችላል። ምክንያቱ ግን ዋጋውን አይቀንሰውም።)

ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ አራት ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ደከመን» አሉ። አልደከማቸውም፤ አንዱ የሌሊት ፓርኪንግ ሠርቶ የሚማር ነው፣ ሰው ፊት «ገንዘብ የለኝም» እንዳይል ይሉኝታ ያዘው። እኛ ደግሞ ፎቶ እየተነሳን ነበር።

ጨዋታው በ1981 ኒው ሃምፕሻየር ጫካ ውስጥ ሲጀመር 12 ሰዎች ዛፍ ላይ ምልክት በሚደረግበት የቀለም ሽጉጥ ነበር የተጫወቱት፤ አሸናፊው አንድም ጥይት ሳይተኩስ ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ወጣ ይባላል። ዛሬ ያለ ጥይት የቀረ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሜዳው አላታለለንም፣ ዋጋው ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነው። 2,000 ጥይት የሚይዘውን ሳጥን በጋራ ገዝተን እኩል ማካፈል፣ ሙሉ ሂሳቡንም አስቀድመን መንገር ነበረብን። «ያኔ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል» የሚሉኝ አሉ። ይቀንስ፤ ቤቱ ሆኖ ይወስን። ለሚያዝያው ጉዞ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ደውሎ የሳጥኑን ዋጋ ይጠይቅ።