ቤቱን ለገዥ ከማሳየታችሁ በፊት ቁም ሣጥኑን አንሡ



ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ ትልቁ ልጄ፣ «እማዬ፣ የቤት ገበያው መንቀሳቀስ ጀምሯል። አሁን ካልሸጥን መቼ ልንሸጥ ነው?» አለኝ። ቡራዩ ያለው ቤታችን ለእኔ ለብቻዬ ሰፍቷል። አባታቸው ካረፈ ወዲህ ሁለቱ ክፍሎች ተዘግተው ነው የሚውሉት፤ የልጅ ልጆቼን ለማየትም ሁለት ታክሲ እቀያይራለሁ። ስለዚህ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ልጄ በሁለት ሳምንት ቀለም አስቀብቶ ደላላ ሊጠራ ነበር። ቤቱን ለገዥ ማዘጋጀቱ ግን ስምንት ወር ፈጀብን። የብዙዎቻችሁ ልጆችም ይህንኑ ጥያቄ እያነሡ መሆኑን ስለማውቅ፣ በእነዚያ ወራት የተማርሁትን ላጫውታችሁ።

ገበያው መነቃቃቱ እውነት ነው፤ ስልካቸው ጠፍቶ የነበረ ደላሎች ዛሬ በር ያንኳኳሉ። ነገር ግን የዛሬው ገዥ እንደ ድሮው አይቸኩልም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር። ኋላ ገደቡ ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም ብድር ለሁሉም እንደልብ የሚገኝ አልሆነም። የሲሚንቶው፣ የብረቱና የቀለሙ ዋጋም ስለናረ፣ ገዥው «ገዝቼ አድሰዋለሁ» ለማለት አይደፍርም። በዚያ ላይ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም ሲመሠረት፣ ሕጋዊ አይደሉም የተባሉ ብዙ ቤቶች መፍረሳቸውን ማንም አልረሳም። ስለዚህ ገዥ ሲመጣ ከሳሎኑ በፊት ካርታውን ልይ ይላል።

ሆኖም ከካርታውም በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም የቤተሰቡ ስምምነት ነው። ይህን የተማርሁት ሰበታ ይኖር ከነበረው ወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ ባረፈ በዓመቱ ባለቤቱና ትልቁ ልጁ ገዥ አግኝተው ቀብድ ተቀበሉ። አሜሪካ ያለችው ልጅ ወሬውን የሰማችው ከጎረቤት ነበር። «የአባቴ ቤት ሳልጠየቅ?» ብላ አልፈርምም አለች። የወራሽነት ማረጋገጫም ገና ከፍርድ ቤት አልወጣም ነበርና ሽያጩ ቀረ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ሲለውጥ ግን እጥፉን ይመልሳል። እነርሱ ደግሞ የተቀበሉትን ለቆርቆሮና ለቀለም አውጥተው ጨርሰውታል። እጥፉን ተበድረው ከፈሉ። ከዕዳው ይልቅ እኔን ያሳዘነኝ፣ በወንድሜ ሙት ዓመት ዕለት እናትና ልጅ በስልክ እንኳ አለመነጋገራቸው ነው።

እኔ ግን ልጄን «ቀለሙ ይቆይ» ብዬ ሦስቱንም ልጆቼን እሑድ ምሳ ጠራኋቸው። ሦስት ጥያቄ አቀረብሁ፤ እንሸጣለን ወይ? ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል? እኔስ የት እኖራለሁ? በሁለቱ ወዲያው ተስማማን። በሦስተኛው ሁሉም «ከእኔ ጋር ነዋ፣ እማዬ!» አሉ። የትኛው ክፍል ውስጥ እንደምተኛ ግን አንዳቸውም አላሰቡበትም። በሥራ ዘመኔ በየሦስት ወሩ ቦርሳ ይዘው ከልጅ ወደ ልጅ የሚዞሩ እናቶችና አባቶች ብዙ አይቻለሁ። የግፊት መድኃኒታቸው አንዱ ቤት ይቀራል፣ ካርዳቸው ሌላው ቤት። ሌሊት መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ሲነሡ በማያውቁት ደረጃ ይወድቃሉ። ቤቱን ሸጠው ገንዘቡን ካከፋፈሉ በኋላ «ወደ ቤቴ ልመለስ» ማለት የለም። ስለዚህ ከሽያጩ ላይ መጀመሪያ ለእኔ በሴት ልጄ ሰፈር ምድር ቤት ያለ አነስተኛ ኮንዶሚኒየም እንዲገዛ፣ የቀረው እንዲከፋፈል ተስማማን፤ በወረቀትም አሰፈርነው። ልጆቼ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ሸክም የቀለላቸው መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ገባን። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምንሸጠው በላዩ ያለውን ቤት ነው። ስለዚህ ቤቱና የይዞታ ማረጋገጫው ካልተስማሙ ገዥው ይሸሻል። የእኛ ካርታ በሟቹ ባለቤቴ ስም ስለነበር የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አወጣን። በትዳር ላይ ያላችሁም ብትሆኑ፣ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ባልና ሚስት ስምምነት እንደማይሸጥ አትርሱ። ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም ወራሽ ካለ ውክልናውን በኤምባሲ በኩል አስቀድሞ ይላክ፤ ገዥ ከተገኘ በኋላ ከተጀመረ ገዥው አይጠብቅም።

ፋይሉንም ፈልጉ። የድሮው ካርታችን የቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ማኅተም ነው ያለበት። ሸገር ከተማ ሲመሠረት የቀድሞዎቹ ከተሞች ወደ ክፍለ ከተማነት ተለውጠዋል፤ ስለዚህ ፋይላችሁ ዛሬ በየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሚገኝ በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ። በእኛ ፋይል ላይ የባለቤቴ የአያት ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተገኘ። ያችን ፊደል ለማስተካከል ስድስት ሳምንት ተመላለስን። ገዥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀን ቢሆን ኖሮ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ባጣን! ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ከሆነና ቋንቋውን በደንብ የማታነቡ ከሆነ፣ የምታምኑት ሰው ቃል በቃል ያንብብላችሁ። የሊዝ ክፍያ የቀረበት ቤት ከሆነም ቀሪውን አስልታችሁ ያዙ። የመብራትና የውኃ ደረሰኞችን አብራችሁ አስቀምጡ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የካርታችሁን ፎቶ ለማታውቁት ደላላ በስልክ አትላኩ። ገዥው በአካል መጥቶ ይይ።

ቀጥሎ የቤቱ ጤና ነው። እዚህ ላይ የሱሉልታዋን የሥራ ባልደረባዬን ነገር ላንሣ። የሱሉልታ ብርድ የታወቀ ነው፤ ሜዳው በክረምት ውኃ ይተኛበታል። እርሷም ቤቷን ለገዥ ልታሳይ ስትል ሽታ ሽታ አላት። መስኮቱን ሁሉ ዘግታ፣ ቤቱ እንዲሞቅና ሽታው እንዲጠፋ ሁለት ከሰል አቀጣጥላ ዕጣን አጨሰች። እኔ ቡና ልጠጣ ብቅ ስል የአራት ዓመት የልጅ ልጇ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያንጎላጃል፤ ስንቀሰቅሰው አስታወከ። እርሷም ራሷን ይዛለች። ልጁን አቅፌ ወደ ግቢ ሮጥሁ፤ በርና መስኮቱን በረገድን። ንጹሕ አየር ሲያገኝ ነቃ አለ፤ ያም ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እግዚአብሔር ይመስገን ለክፉ አልሰጠውም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዕጣኑም አያባርረውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ሽታ ያለበትን ቤት በጭስ ከመሸፈን ምንጩን መፈለግ ይሻላል። የእርሷ ቤት ሽታ ምንጭ የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ ሆኖ ተገኘ፤ ሠራተኛ ተጠርቶ በአንድ ቀን ተከፈተ።

ምንጩን ለመፈለግ ከሁሉ በፊት የቤት ዕቃውን ከግድግዳ አርቁ። እኔ በመኝታ ቤቴ ያለውን ቁም ሣጥን ሳስነሣ ከኋላው ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሮ፣ ሻጋታ አውጥቶ አገኘሁት። ለዓመታት የተኛሁት ከእርሱ ጋር ነው! ቀቢው አየት አደረገና፣ «ሲስተር፣ ሁለት እጅ ዘይት ቀለም ብንሰጠው እስከ ሰኔ አይታይም» አለኝ። ልጄም ዝም ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። ስንት ዓመት ሙሉ የሕፃናት ደረት ላይ ማዳመጫ አሳርፌ ሲያፏጭ ሰምቻለሁ። እርጥበትና ሻጋታ አስም ያለበትን ልጅ እንደሚያስነሣበት ለስንት እናት ተናግሬአለሁ። አሁን እኔው ቀብቼ ልሸጥ ነው? «አይሆንም፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይታይ» አልሁ።

ውኃው ከሁለት በኩል ነበር የሚመጣው። አሸንዳው ተበስቶ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ሁሉ በግድግዳው ይፈስሳል። የጓሮው አፈርም በጊዜ ብዛት ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሏል። አሸንዳውን ቀየርን፤ አፈሩን አስወግደን ውኃው ወደ ውጭ እንዲሄድ ቦይ አበጀን። የበሰበሰውን ልስን አስነሥተን ግድግዳው በጋውን ሙሉ ሲደርቅ ቆየ፤ ከዚያ ተለሰነ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ልስንም ቀለምም ቢያደርጉበት ይረግፋል። አሮጌ ቀለም ስታስፍቁ ደግሞ ልጆችን ከቤት አውጡ፤ ግድግዳውን እያረጠባችሁ አስፍቁ፤ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የድሮ ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ከዚህ በላይ ገንዘብ አታባክኑ። ኮርኒስ ማስለወጥ፣ አዲስ ሴራሚክ መደርደር እንደ ገዥው ምርጫ ነው። የሚያፈስስ ቧንቧ፣ የላላ የመብራት ሶኬት፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ግን ሳይሠራ ሰው አታስገቡ። ገዥ ከልጆቹ ጋር ነው የሚመጣው።

የበልግ ዝናብ ሲጥል ግድግዳችን ያዘ፤ የታችኛዋ ጥግ ብቻ በትንሹ ረጠበች። ሰኔ ላይ ባልና ሚስት ሕፃን ልጅ ይዘው መጡ። ካርታውን አዩ፣ ደስ አላቸው። ሚስትየዋ መኝታ ቤቱን እያየች፣ «ይቺ የልጃችን ትሆናለች» አለች። ከቦርሳዋ አፍ ላይ የአስም መንፊያ አየሁ። ጥጓን አሳየኋቸው፤ ምን እንደነበረ፣ ምን እንዳሠራን፣ ምን እንደቀረ ነገርኋቸው። ሕጉም ቢሆን ሻጭ እያወቀ ለደበቀው ጉድለት ከኃላፊነት አያድነውም። እኔን ያናገረኝ ግን ሕጉ ሳይሆን መንፊያው ነው። አመስግነው ሄዱ። ልጄ ያን ቀን ሙሉ አላናገረኝም። እኔም ሌሊቱን «ምናለ አፌን ብዘጋ» ማለቴን አልደብቃችሁም።

ከዐሥር ቀን በኋላ ግንበኛ ይዘው ተመለሱ። ግንበኛው ጥጓን አንኳኩቶ፣ ከውጭ ቆፍሮ አይቶ የሚያስወጣውን ገመተ፤ ያንኑ ያህል ከዋጋው ቀነስንላቸው። ባልየው፣ «ከዚህ በፊት ያየናቸው ቤቶች ሁሉ አዲስ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ችግሩን የነገረን ሰው ግን አልነበረም» አለኝ። ውሉን በጽሑፍ አድርገን ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረምን፤ ያለዚያ የቤት ሽያጭ አይጸናም። ገንዘቡ በባንክ ተላለፈ። ቤቱን የማስረክበው ከሁለት ወር በኋላ እንደሆነ ውሉ ላይ አስጻፍሁ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የራሴን ቤት ገዝቼ ገባሁ። የቡራዩን እድሬን ግን አልለቀቅሁም።

እንግዲህ ልጆቻችሁ «ገበያው ተነሥቷል» ሲሏችሁ አትቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። ቀለም ቀቢው ከመጠራቱ በፊት ግን ቤተሰቡን ሰብስቡ፣ ፋይሉን አስፈልጉ፣ ቁም ሣጥኑን አስነሡ። «እኔስ የት እኖራለሁ?» የሚለውን ጥያቄም አትፈሩ። መጠየቅ ያለበት ቤቱ ገና የእናንተ ሳለ ነው።